ከክረምት በኋላ ሞተሪኖው ዝም ሲል

ሰኔ ላይ ጭቃው መንገዱን ሲዘጋው ጥግ ይዞ የቆመ ሞተር ሳይክል፣ መስቀል አልፎ ጥቅምት ላይ ቁልፉ ሲከፈት ብዙ ጊዜ የሚመልሰው አንዲት «ጠቅ» ነው። አንዳንዱ እሷንም አይልም። ከደጀን እስከ ዳንግላ፣ ከሞጣ እስከ ቡሬ፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ግቢም ሆነ በነጋዴ መጋዘን ነገሩ አንድ ነው። ቀጥሎ የሚመጣውም ይታወቃል። «ሞተሪኖው (ኢንጂኑን በኤሌክትሪክ አዙሮ የሚያስነሣው ትንሽ ሞተር) ተቃጥሏል» ይባላል፤ ገንዘብ ተፈልጎ ሞተሪኖ ይገዛል፤ ይገጠማል፤ ያቺው «ጠቅ» ትመለሳለች።

ይህን የምጽፈው ያ ገንዘብ እንዲተርፍ ብዬ ነው። ሞተሪኖን የሚያስረጀው ሥራ ነው፤ በተጫኑት ቁጥር ካርቦኑ፣ ማለትም በውስጡ ወደሚዞረው መዳብ ኃይል የሚያሳልፈው ቁራጭ፣ ይበላል። ቆሞ መክረም የሚጎዳው ግን ሌላ ነው፦ ባትሪን፣ ብረት ከብረት የሚገናኝባቸውን ቦታዎች፣ በዝገት የሚጣበቁ ነገሮችን። ሰኔ ላይ በደንብ ይነሣ የነበረ ሞተር ሳይክል ጥቅምት ላይ እምቢ ካለ ሞተሪኖው መጠርጠር ያለበት መጨረሻ ላይ ነው። ተጠርጥሮም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው መጽዳት እንጂ መለወጥ አይደለም።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። ርካሽም ቢሆን የሚሠራ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)፣ ባለ 8 እና ባለ 10 ቁልፍ፣ ሁለት ዓይነት ካቻቢቴ፣ 400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ትንሽ ቫዝሊን። ከእነዚህ ሁሉ የማይቀረው ቴስተሩ ነው።

ቁልፉን ከመክፈታችሁ በፊት

መጀመሪያ ወንበሩን አንሡ። እህል ባለበት ቤት የከረመ ሞተር ሳይክል አይጥ ሳትጎበኘው አትቀርም። የአየር ማጣሪያው ሳጥን ውስጥ ገለባና የጨርቅ ብጥስጣሽ ካገኛችሁ ጎጆ ሠርታለች ማለት ነው፤ ሽቦም ሳትቀምስ አልሄደችም። ከወንበሩ ሥርና ከሰልባትዮው (ከቤንዚን ታንኩ) በታች የሚያልፉትን ሽቦዎች በጣታችሁ እየዳበሳችሁ ተከታተሏቸው። የተላጠ ሽቦ ሁሉ ወዲያው ችግር አያሳይም፤ ቁልፉ ተከፍቶ ከብረቱ ጋር ሲነካካ ነው ፊውዝ የሚበላው። ዶሮ ስትሰፍርበት ከከረመ ደግሞ ኩሱ ያረፈበትን ቦታ ሁሉ በለብ ባለ ውሃ እጠቡ፤ በተለይ የሽቦ መገናኛ ላይ የወደቀው መዳቡን አረንጓዴ አድርጎ ይበላዋል።

ከዚያ የኢንጂን ዘይቱን መለኪያ አውጥታችሁ አሽትቱት። ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት፣ መጠኑም ከላይኛው ምልክት ያለፈ ከሆነ የቤንዚን መዝጊያው ሳይዘጋ ከርሞ፣ የካርቡራተሩ መርፌ እያሳለፈ ቤንዚኑ ወደ ኢንጂኑ ወርዷል። ይህን ሳያዩ ሞተሪኖ መጫን አደገኛ ነው። ቤንዚን እንደ አየር አይታመቅም፤ ፒስተኑ ላይ የተጠራቀመ ፈሳሽ ካለ ሞተሪኖው አንድ ጊዜ «ጓ» ብሎ ይቆማል፣ ያን ጊዜ የሚጣመመው የፒስተኑ ዘንግ ነው። ዘይቱን ቀይሩ፣ ካንዴላውን (እሳት ሰጪውን) ፍቱ፣ ፈሳሹን አውጡ፣ የካርቡራተሩን መርፌ ሳታስተካክሉ መዝጊያውን አትክፈቱ።

ዘይቱ ደህና ቢሆንም ካንዴላውን መፍታት አይከፋም። በቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር ያህል የኢንጂን ዘይት ጨምሩና ቢያንስ አንድ ሰዓት ተዉት፤ ቢያድር ይሻላል። ቀጥሎ ኢንጂኑ በእጅ መዞሩን እዩ። በእግር የሚረገጥ ከሆነ መርገጫውን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ታች ግፉት። መርገጫ ከሌለው ማርሹን ከፍተኛው ላይ አስገቡና የኋላውን ጎማ አንሥታችሁ በእጅ አዙሩ። በልስላሴ ከዞረ ጥሩ፤ እንደ ድንጋይ ከደረቀ በጉልበት አታስጨንቁት፣ ዘይት ጨምራችሁ ሌላ ቀን ተመለሱበት። ኢንጂኑ ተጣብቆ ሳለ ሞተሪኖ ላይ መፍረድ አይቻልም።

ድምፁን ስሙ

ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን፣ ቁልፉን ክፈቱና የሞተሪኖውን መጫኛ አንዴ ተጫኑ። ከአንድ ጊዜ በላይ አያስፈልግም፤ የምትሰሙት ድምፅ ሥራውን ግማሽ ያህል ያቀልላችኋል።

«ጠጠጠጠጠ» ብሎ እንደ መትረየስ ከተንጣጣ ባትሪው ደክሟል። ሪሌው (መጫኛው ሲነካ የባትሪውን ኃይል ከሞተሪኖው ጋር የሚያገናኘው ማብሪያ) ይይዛል፣ ሞተሪኖው ኃይሉን ሲስበው ባትሪው ይወድቃል፣ ሪሌው ይለቃል፣ ባትሪው ትንሽ ይነሣል፣ ሪሌው እንደገና ይይዛል። ይህ ድምፅ እያለ ሌላ ነገር መፍታት ጊዜ ማባከን ነው።

አንዲት ጠንካራ «ጠቅ» ብቻ ሰምታችሁ መብራቱ ሳይደበዝዝ ከቀረ፣ ሪሌው ቢሠራም ኃይሉ ሞተሪኖው ዘንድ አልደረሰም፤ ወይም ደርሶ ካርቦኑ አላስገባውም። «ጠቅ» ብሎ መብራቱ እልም ካለ ወይ ባትሪው ባዶ ነው፣ ወይ አንድ መገናኛ ሊለቅ ነው፣ ወይም ሞተሪኖው ውስጡ ተጣብቆ ኃይል እየዋጠ ነው። ሞተሪኖው «ዥዥዥ» እያለ በደስታ ይሽከረከራል፣ ኢንጂኑ ግን አይንቀሳቀስም ከሆነ ነገሩ ኤሌክትሪክ አይደለም፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ጭራሽ ዝም ካለ ደግሞ ፊውዝና ማብሪያዎችን ነው የምንከተለው።

ባትሪው ሲዋሽ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቴስተሩን ባትሪው ላይ ያደርጋል፣ 12.5 ያያል፣ «ባትሪው ደህና ነው» ይላል። ሥራ ያልያዘ ባትሪ የሚያሳየው ቁጥር አፉ ነው፣ ጉልበቱ አይደለም።

ቢሆንም መነሻው እሱ ነው። ከቻርጅ ወርዶ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሰዓት ያረፈ የ12 ቮልት ባትሪ 12.7 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ሙሉ ነው። 12.4 ሩብ ያህሉን አጥቷል፣ 12.2 ግማሽ ላይ ነው፣ 12.0 ሊያልቅ የተቃረበ ነው። በ10.5 አካባቢ ቆሞ አልነሣ ካለ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፦ ባትሪው ውስጥ ስድስት ክፍሎች አሉ፣ እያንዳንዱ 2.1 ቮልት ያህል ይሰጣል፤ ከስድስቱ አንዱ ሲሞት የሚቀረው 10.5 ነው። እንዲህ ያለውን ባትሪ ቻርጅ ማድረግ መብራት ማባከን ነው።

ለአራት ወር የቆመ ባትሪ በራሱ ጊዜ ይወርዳል፣ ሲወርድም በእርሳስ ሳህኖቹ ላይ ነጭ ሰልፌት ይጋገራል። በወሩ የተደረሰበት ይለቃል፤ ወራት የቆየው ይደድርና ቻርጅ አይፈታውም። ስለዚህ ሞክሩት ግን አትማሉለት።

ቻርጅ ሲደረግ ሕጉ ባትሪው ላይ የተጻፈውን አቅም ለ10 ማካፈል ነው። 7 አምፒር ሰዓት ያለው ባትሪ በ0.7 አምፒር፣ 9 ያለው በ0.9፣ ለ10 ሰዓት ያህል። የመኪና ባትሪ የሚሞላበት ትልቅ ቻርጀር ላይ ወስዶ «አንድ ሰዓት በቃው» ማለት ትንሹን ባትሪ መቀቀል ነው፤ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ውሃው ይተናል። ክዳን ያለው ባትሪ ከሆነ ውሃው ከታችኛው መሥመር በታች የወረደበትን ክፍል በተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ሙሉት። አሲድ አይጨመርም፤ የሚተንነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም። የቧንቧና የምንጭ ውሃ በውስጡ ያለው ማዕድን ሳህኑን ያበላሸዋል። ቻርጅ ላይ ያለ ባትሪ የሚቃጠል ጋዝ ስለሚያወጣ ኩራዝም ሲጋራም አጠገቡ አይቅረብ፣ ክፍሉም አየር ያስገባ።

አንዳንድ ራሱን የሚቆጣጠር ቻርጀር በጣም የወረደ ባትሪ ሲሰጡት «አላውቀውም» ብሎ አይጀምርም። ደህና የ12 ቮልት ባትሪ ከደካማው ጋር ፖዘቲቭ ለፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ለኔጌቲቭ ለጥቂት ደቂቃ ብታገናኙት ቁጥሩ ከፍ ይልና ቻርጀሩ ይቀበለዋል። ባትሪው ከሞቀ ግን ወዲያው ለያዩት።

አሁን ወደ እውነተኛው ፈተና። ቴስተሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጋችሁ ሁለቱን መርፌዎች ባትሪው ፖል ላይ ያዙ፣ ሌላ ሰው ሞተሪኖውን ለሦስት ሰከንድ ይጫን። ዓይናችሁ ቁጥሩ ላይ ይሁን። ከ10 ቮልት በላይ ከቆመ ባትሪው ሰው ነው። ከ9.5 በታች ወርዶ ሞተሪኖው ካቃሰተ ባትሪው ይለወጣል ወይም ቻርጅ ይጠይቃል። ቁጥሩ ከ12.5 ንቅንቅ ካላለ ባትሪው ሥራ አልደረሰውም፤ መንገዱ አንድ ቦታ ተቆርጧል። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ወደ ሦስት የተለያዩ መንገዶች ይወስዷችኋል። ከጮቄ ግርጌ ባሉ ቀዝቃዛ አካባቢዎች ይህን በማለዳ አትለኩት፤ ብርድ የባትሪን አቅም ይቀንሳል፣ ዘይቱንም ያወፍረዋል። ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ያለው ቁጥር ለፍርድ ይሻላል።

ኃይሉ የሚጠፋበት መንገድ

ሞተሪኖ በአስሮች የሚቆጠር አምፒር ይስባል። ፍሬቻንና ክላክስን የሚያሠራ መገናኛ ለሞተሪኖ ላይበቃ ይችላል፤ «መብራቱ ይበራል፣ ክላክሱ ይጮኻል፣ ባትሪው ምን ሆነ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ክረምቱን ሙሉ እርጥበት የጠጣ መገናኛ ላይ ከዓይን የማይገባ ስስ ዝገት ለዚህ በቂ ነው።

ዝገቱን በዓይን አትፈልጉት፣ በቴስተር ያዙት። ቀዩን መርፌ ባትሪው ፖዘቲቭ ፖል ላይ አድርጉት፤ ብሎኑ ላይ ሳይሆን እርሳሱ ራሱ ላይ። ጥቁሩን ሞተሪኖው ላይ ወፍራሙ ገመድ የታሰረበት ብሎን ላይ። ሳትጫኑ 12 ቮልት ያህል ታያላችሁ፤ አይግረማችሁ፣ ሪሌው ክፍት ስለሆነ ነው። ስትጫኑ ቁጥሩ ወደ ዜሮ መውረድ አለበት። 0.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ መንገዱ ንጹሕ ነው። 2.3 ላይ ቢቆም ግን ከባትሪው የወጣው 2.3 ቮልት ሞተሪኖው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ሙቀት ሆኖ ቀርቷል ማለት ነው። ያኔ መንገዱን ቆራርጣችሁ ለኩ፦ ከባትሪ ፖል እስከ ሪሌው መግቢያ ብሎን፣ ከሪሌው መግቢያ እስከ መውጫው፣ ከመውጫው እስከ ሞተሪኖው። ሌባው ያለው ቁጥሩ ትልቅ በሆነበት ክፍል ነው። ሪሌው ላይ 0.3 ከበለጠ ውስጡ ያለው ኃይሉን የሚያገናኘው የመዳብ መርገጫ ተቃጥሏል ወይም ሻግቷል።

የኔጌቲቩን መንገድ ማንም አይለካውም፣ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ጥቁሩን መርፌ ባትሪው ኔጌቲቭ ፖል ላይ፣ ቀዩን ቀለም ያልተቀባ ንጹሕ የኢንጂን ብረት ላይ አድርጋችሁ ተጫኑ። ከ0.2 ማለፍ የለበትም። ካለፈ የኔጌቲቩ ገመድ ከኢንጂኑ ወይም ከሻንሲው ጋር የታሰረበትን ብሎን ፍቱ። ከሥሩ ቀለም፣ የደረቀ ጭቃና ቀይ ዝገት ታገኛላችሁ። ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት፣ የገመዱንም ጫፍ እንዲሁ፣ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ከላይ ቫዝሊን ቀቡት። ቫዝሊኑ ከታሰረ በኋላ ነው የሚቀባው፤ ሥራው እርጥበት እንዳይገባ መከልከል ነው።

ባትሪው ፖል ላይ ነጭ ወይም ሰማያዊ ዱቄት ካለ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጣችሁ በጥርስ ብሩሽ እጠቡት። ክዳን ላለው ባትሪ ሶዳው ወደ ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ፤ አሲዱን ይገድለዋል።

ጭራሽ ዝም ላለው ደግሞ ከፊውዙ ጀምሩ። ዋናው ፊውዝ አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው አጠገብ ወይም ሪሌው ላይ የተሰካ ከ10 እስከ 20 አምፒር ያለው ነው። በዓይን ደህና የሚመስል ፊውዝ እግሩ ሥር ሊሰነጠቅ ስለሚችል በቴስተር ለኩት። የተቃጠለን ፊውዝ በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ መመለስ አገር የለመደው ነገር ነው፤ ፊውዝ ግን የተቃጠለው በምክንያት ነው፣ ወረቀቱ ሲተካው ቀጥሎ የሚቃጠለው ሽቦው ነው፣ ሽቦው ደግሞ ከሰልባትዮው ሥር ነው ያለው።

ከፊውዙ ቀጥሎ ቀዩ የማጥፊያ ማብሪያ፣ የዜሮ ማርሽ ማብሪያ፣ የፍሪሲዮን እጀታው ማብሪያ፣ የጎን መቆሚያው ማብሪያ። ሁሉም ሞተር ሳይክል አራቱንም የለውም። አረንጓዴው የዜሮ ማርሽ መብራት ካልበራ ፍሪሲዮኑን ይዛችሁ ሞክሩ፤ ያኔ ከሠራ የዜሮ ማርሹ ማብሪያ ነው። የጎን መቆሚያው ማብሪያ ጭቃ የሚበዛበት ስለሆነ በክረምት ቀድሞ የሚታመመው እሱ ነው፤ አጥባችሁ አድርቃችሁ መቆሚያውን ደጋግማችሁ አንሡ፣ መልሱ። ቀዩንም ማብሪያ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ማብራት ማጥፋት ብቻውን ብዙ ጊዜ መርገጫውን ያጸዳዋል።

ሪሌው ጋ ደርሳችሁ «ጠቅ» ካላለ፣ ከሁለቱ ቀጫጭን ሽቦዎች መካከል እየተጫናችሁ ለኩ። 12 ቮልት እየደረሰው ዝም ካለ የሪሌው ጥቅልል ሞቷል፤ ቀጫጭኖቹን ነቅላችሁ በኦም ስትለኩት በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ኦም ማሳየት አለበት። 12 ቮልት ካልደረሰው ጥፋቱ ወደ ማብሪያዎቹ ነው፣ ሪሌ አትግዙ።

ሪሌውን አልፎ ሞተሪኖውን በቀጥታ መፈተን ይቻላል፦ የሪሌውን ሁለት ወፋፍራም ብሎኖች እጀታው ፕላስቲክ በሆነ ወፍራም ካቻቢቴ ለቅጽበት ማገናኘት። ብልጭታ ስላለው የሚያንጠባጥብ ቤንዚን በአካባቢው አይኑር፣ ማርሹ ዜሮ ይሁን፣ ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። ሞተሪኖው በኃይል ከዞረ እሱ ነጻ ነው፤ ጥፋቱ ሪሌው ወይም ማብሪያዎቹ ጋ ነው። ትልቅ ብልጭታ ሰጥቶ ካልዞረ ሞተሪኖው ተጣብቋል ወይም ውስጡ ተገናኝቷል። ምንም ብልጭታ ከሌለና ገመዶቹ ደህና ከሆኑ ካርቦኑ መዳቡን አልነካም። ሞተሪኖው የሚፈታው እንግዲህ አሁን ነው።

ሞተሪኖውን መክፈት

የባትሪውን ኔጌቲቭ አስቀድማችሁ ፍቱ። ሞተሪኖው ኢንጂኑ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ብሎን ነው የታሰረው። ሲወጣ አፍንጫው ላይ ያለችውን የላስቲክ ቀለበት እዩ፤ ከደረቀች ወይም ከተሰነጠቀች የኢንጂን ዘይት ታስገባለች፣ ዘይት የነካው ካርቦን ደግሞ ጭቃ ይሆናል።

ከመክፈታችሁ በፊት የፊትና የኋላ ክዳኖቹ ከአካሉ ጋር የተገናኙበትን ቦታ በሚስማር ጫር አድርጉ፤ ሲመለስ ያው ቦታ ላይ እንዲውል። ሁለቱን ረጃጅም ብሎኖች ስትፈቱ ከዘንጉ ጫፎች ስስ ሮንዴላዎች ይወድቃሉ። ስንት በየትኛው ጫፍ እንደነበሩ ጻፉ ወይም በስልክ ፎቶ አንሡ። አንዷ ብትጠፋ ዘንጉ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ካርቦኑ ከቦታው ይወጣል።

ውስጡ ጥቁር ዱቄት ሞልቶት ታገኙታላችሁ። ይህ የካርቦኑ ብናኝ ነው፤ ከክረምት እርጥበት ጋር ሲቦካ ይጋገርና ካርቦኑን ቤቱ ውስጥ ያጣብቀዋል። ከከረመ ሞተር ሳይክል ላይ የሚወርድ ሞተሪኖ ዋና በሽታው ይህ ነው። ካርቦኑን በጣታችሁ ወደ ውስጥ ግፉትና ልቀቁት፤ ስፕሪንጉ ፈጥኖ መመለስ አለበት። ከዘገየ ካርቦኑን አውጥታችሁ ቤቱን በቤንዚን በረጠበ ጨርቅ ጥረጉ፣ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ርዝመቱ ከአዲሱ ግማሽ በታች ከሆነ ይለወጥ። የካርቦን ዋጋ ከሞተሪኖ ዋጋ ጋር አይወዳደርም፤ በልኩ የተሠራ ባይገኝ ከመኪና ካርቦን በመሞረድ የሚያስተካክሉ ባለሙያዎች አሉ፣ ካርቦኑ ቤቱ ውስጥ ሳይጠብና ሳይላላ ከተንሸራተተ ይሠራል።

ካርቦኖቹ የሚረግጡት የመዳብ ቀለበት ጥቁር ከሆነ 400 ወይም 600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን ጠቅልላችሁ ዘንጉን አሽከርክሩ፤ መዳቡ ቀይ ሆኖ እስኪወጣ ብቻ። በመዳቦቹ መካከል ያሉት ቀጫጭን ቦዮች በብናኝ ከተሞሉ በመርፌ ጫፍ አውጡት። ከዚያ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጉ፦ ከአንዱ መዳብ ወደ ጎረቤቱ ማሳለፍ አለበት፤ ከመዳቡ ወደ ዘንጉ ብረት ግን ምንም ማሳለፍ የለበትም። ካሳለፈ ጥቅልሉ ተቃጥሏል፤ «ሞተሪኖው ሞቷል» የሚለው ቃል እውነት የሚሆነው ያኔ ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ሞተሪኖ በመዶሻ ወይም በድንጋይ አይመታም። አንድ ሁለቴ መታ መታ ሲደረግ የተጣበቀው ካርቦን ለቆ ስለሚሠራ ሰው መድኃኒት ይመስለዋል። የሞተር ሳይክል ሞተሪኖ አካል ውስጥ የተለጠፉት ማግኔቶች ግን እንደ ሸክላ ተሰባሪ ናቸው። ዛሬ የሠራው ሞተሪኖ ነገ በተሰነጠቀ ማግኔት ይቆለፋል፣ ያን ጊዜ ማጽዳት አያድነውም። ዝገት ራሱ ማግኔቱን ከቦታው ሊያስለቅቅ ስለሚችል ስትከፍቱ በጣት ነቅነቅ አድርጉት።

ሲመለስ ዘንጉ ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ግሪስ ትበቃዋለች፤ የበዛው ወደ ካርቦኑ ይሄዳል።

ሞተሪኖው እየዞረ ኢንጂኑ የማይዞረው ነገር ቀርቶብን ነበር። በሞተሪኖውና በኢንጂኑ መካከል በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ መዘውር አለ፤ ውስጡ ትንንሽ መንኮራኩሮችና ስፕሪንጎች አሉት። ዘይቱ አርጅቶ ሲጣበቅ መንኮራኩሮቹ ቦታቸው ላይ ይቀራሉ፣ አይዙም። መጀመሪያ ዘይቱን ፋብሪካው ባዘዘው ውፍረት ቀይሩ፤ 10 ደብልዩ 30 የታዘዘለት ላይ 20 ደብልዩ 50 ማድረግ በብርድ አገር ይህን በሽታ ያባብሳል። በመርገጫ ወይም በመግፋት አስነሥታችሁ ኢንጂኑ ከሞቀ በኋላ ሞተሪኖው መያዝ ከጀመረ ዳነ ማለት ነው። ካልያዘ የጎን ክዳኑ ይከፈታል።

ከመኪና ባትሪ ማስነሣት ካስፈለገ የመኪናው ሞተር ይጥፋ። ባትሪዎቹ ሁለቱም 12 ቮልት መሆናቸውን አረጋግጡ፤ አሮጌ ሞተር ሳይክሎች ላይ 6 ቮልት አለ። ፖዘቲቩን ቀድማችሁ፣ ኔጌቲቩን መጨረሻ ላይ ከኢንጂኑ ብረት ጋር አገናኙ። ሞተሪኖውን ከአምስት ሰከንድ በላይ አትጫኑ፣ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ አሳርፉት። በሦስት በአራት ሙከራ ካልተነሣና ሞተሪኖው በደንብ እየዞረ ከሆነ ችግሩ ቤንዚን ወይም እሳት ነው፦ ካርቡራተሩ ሥር ያለውን ማፍሰሻ ከፍታችሁ የከረመውን ቤንዚን አውጡ፣ ካንዴላውን ለውጡ። በሃይላንድ የተገዛ ቤንዚን ከሆነ እጃችሁ ላይ አንጠባጥቡ፤ ቶሎ ካልደረቀና ቅባት ከተወ ላምባ ገብቶበታል።

ከተነሣ በኋላ

ኢንጂኑ ሞቆ ጋዙን ሰጥታችሁ ባትሪው ላይ ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.5 ከሆነ ቻርጁ ደህና ነው። ከ13 ካልበለጠ ባትሪው አይሞላም፣ ነገ ያው «ጠቅ» ይመጣል። ከ15 ካለፈ መቆጣጠሪያው ተበላሽቷል፤ አዲስ ባትሪ ከመግጠማችሁ በፊት እሱን ለውጡ። ባትሪ ፈትቶ ኢንጂኑን ማስነሣትም ሆነ እየሠራ ሳለ ባትሪ መንቀል መብራቱንና መቆጣጠሪያውን ሊያቃጥል ይችላል።

ባትሪው ደህና ሆኖ በየሁለት ሳምንቱ የሚሞት ከሆነ ቁልፉ ተዘግቶም የሚጠጣ ነገር አለ። ኔጌቲቩን ገመድ ፍቱ፣ ቴስተሩን አምፒር ላይ አድርጋችሁ በፖሉና በገመዱ መካከል አስገቡት፤ ቁልፉን በዚህ ጊዜ አትክፈቱ፣ ሞተሪኖም አትንኩ፣ የቴስተሩ ፊውዝ ይበላል። ከጥቂት ሚሊ አምፒር ካለፈ ከኋላ የተገጠመውን አላርም ጠርጥሩ። 20 ሚሊ አምፒር ትንሽ ይመስላል፤ በ24 ሰዓት ግን 0.48 አምፒር ሰዓት ይሆናል፣ 7 አምፒር ሰዓት ያለው ባትሪ በ15 ቀን ውስጥ ባዶ ይቀራል። ሞተሪኖ ለማዞር ግን ባዶ እስኪሆን እንኳ አይጠብቅም፣ በሳምንቱ ይደክማል።

ለሚመጣው ክረምት ባትሪውን አውጥታችሁ ቤት አስገቡት፤ በየአምስት ስድስት ሳምንቱ ይሞላ። መብራት በሌለበት ቀበሌ የቤቱ ሶላር ይበቃል። 10 ዋት ያለው ፓኔል ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን 0.55 አምፒር ያህል ይሰጣል፣ ለ7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ልክ ነው። ግማሽ የጎደለ ባትሪ በበጋ ሁለት ቀን፣ በሐምሌ ደመና አራት ቀንና ከዚያ በላይ ይፈጃል። መቆጣጠሪያ ሳይኖር ፓኔሉን ቀጥታ ባትሪው ላይ አትሰኩት፤ ከ17 ቮልት በላይ ስለሚሰጥ የታሸገ ባትሪን ያሳብጠዋል። ስታወጡት ኔጌቲቩ ቀድሞ ይፈታ፣ ስትመልሱት መጨረሻ ላይ ይታሰር፤ የምትፈቱበት ቁልፍ ድንገት ሻንሲውን ቢነካ ብልጭታ እንዳይኖር።